የቆሰበሩ ቀይ በርሜል

ኪዳኑን ከበርሜሉ ሲያወጡት ፊቱ የሰው ፊት አልነበረም። ግንባሩ ተፈንክቷል፤ ቆዳው በፈላ ውሃ ተልጧል፤ ከፀጉሩ እስከ ደረቱ፣ ቀኝ እጁም እስከ ብብቱ ደማቅ ቀይ ነው። ደሙን ከቀለሙ ለመለየት ሐኪሙ እንኳ ጊዜ ፈጅቶበታል። ኢንስፔክተር ማናለብሽ ማየት ሥራዋ ነውና አንገሽግሿትም ቢሆን ጎንበስ ብላ አየች። የቀኝ እጁ አራት ጣቶች ተሰብረው ወደ ኋላ ታጥፈዋል።

ሟቹ በእንጅባራ፣ ሽማግሌዎቹ ዛሬም ቆሰበር በሚሏት ከተማ፣ ነጭ የአክሪሊክ ክር በቀለም እየነከረ ለፈረስ ጌጥ የሚሆን ዘርፍ ይሠራ ነበር። የጥር ወሩ የፈረሰኞች በዓል ተቃርቦ ስለነበር ያ በርሜል በየቀኑ እሳት ላይ ይጣድ ነበር። ሐሙስ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ግን ከክር ይልቅ ባለቤቱ ተነከረበት። ደም የተቀባው የማማሰያ እንጨት አጠገቡ ወድቆ ነበር።

ሬሳው ዘንድ የተገኘው ሠራተኛው ሁዘይፋ ነው። ቤተሰቦቹ በሰፈራ ዘመን ቆላ የወረዱ ገበሬዎች ናቸው፤ ከተማ ውስጥ ዘመድ የለውም። እጁ እስከ ክርኑ ቀይ ሆኖ ሲያየው ሰፈርተኛው ሌላ ማስረጃ አልፈለገም። ቀለም ነካሪ እጁ ቀይ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም። በድንጋይ ሊጨርሱት ሲሉ ፖሊስ ደርሶ አተረፈው።

አተረፈው ማለት ግን ለአንድ ቀን ነው። የሟቹ እናት እማማ ሽታዬ፣ የልጃቸው ደም ሳይመለስ አፈር እንደማይለብስ በታቦት ማሉ። ዘመዶቹ ጠብመንጃቸውን ወልውለው ከግቢው ቆመዋል። ቀብሩ ዓርብ አራት ሰዓት ነው። እስከዚያ ገዳዩ ካልታወቀ ሁዘይፋም ሆነ ቆላ ያሉት ወላጆቹ በሕይወት እንደማይውሉ ማናለብሽ አልጠፋትም።

ሁዘይፋን በእስር ክፍሉ አገኘችው። ኪዳኑን ከበርሜሉ ሊያወጣ ሲታገል ሁለት እጁ ተቃጥሎ ውሃ ቋጥሯል። ሦስት ሰዓት ላይ እሳቱን እንዳነደደ፣ አምስት ሰዓት ሲሆን ቀለሙ እንደፈላ፣ ቀለሙ ውስጥ የሚጨመረው አቼቶ ስላለቀበት ክሩን ሳያስገባ ገበያ እንደወጣ ነገራት። አየሁት የሚል ባለሱቅ ግን አልተገኘም።

«ቀለሙ ክሩን የሚይዘው መቼ ነው?» አለችው።

ጥያቄው ገርሞት ቀና አለ። «ሲፈላ ነው፣ ኢንስፔክተር። ይኼ ቀለም ለአክሪሊክ የተሠራ ነው፤ ካታዮኒክ ይሉታል። ቀዝቃዛው ላይ ቢነክሩት ታጥቦ ይወጣል። ሲፈላ ግን ክሩ ይከፈትና ይጠጣዋል። ከዚያ በኋላ በሳሙና ቢፈትጉት አይለቅም።»

የሟቹ ሚስት ሰርክአዲስ በዚያ ሰዓት ብቻዋን ቤት ነበረች፤ ምስክር የላትም። ባሏ ከወንድሙ ከወርቅአየሁ ጋር ረቡዕ ዕለት እንደተጣላ ግን አልደበቀችም። ኪዳኑ የአባታቸውን ፈረስ ሸጦ ትልቅ የብረት ቀለም ማፍሊያ በርሜል ሊገዛ ቆርጦ ነበር። በዓሉ ላይ ያን ፈረስ የሚጋልበው ወርቅአየሁ ነው።

ወርቅአየሁ ከሁሉም በላይ እየጮኸ ለወንድሙ ደም ይፎክር ነበር። አንገቱ ላይ እናቱ የሠሩለት ነጭ የአክሪሊክ ሻርፕ ተጠምጥሟል፤ አንዱ ጫፍ ቀይ ነው።

«ይኼ ምን ነካው?»

«ሐሙስ ጧት ሁለት ሰዓት ላይ እነ ኪዳኑ ቀለም ሲበጠብጡ ገብቼ ጫፉ ተነከረብኝ። እሳቱ ገና አልነደደም። አጠብሁት፣ እምቢ አለኝ። ከዚያ በሚኒባስ ጥሊሊ ሄድሁ፤ መርዶው የደረሰኝ እዚያ ነው።»

ማናለብሽ አመስግናው ወጣች።

ዓርብ ሦስት ሰዓት ላይ ሁሉንም ከቀለም ቤቱ ግቢ ሰበሰበቻቸው። ሁዘይፋ በካቴና፣ ሰርክአዲስ በጥቁር ልብስ፣ እማማ ሽታዬ ከሬሳ ሳጥኑ አጠገብ ተቀምጠዋል። ሁለት ድስት ቀይ ቀለም አስቀረበች፤ አንዱ ቀዝቃዛ፣ አንዱ የሚፍለቀለቅ። በሁለቱም ነጭ ክር ነከረች። ጥቂት ቆይታ አውጥታ ሁለቱንም በሳሙና አጠበቻቸው። የቀዝቃዛው ክር ነጣ። የፈላው ደም እንደመሰለ ቀረ።

«ወርቅአየሁ ሻርፑ የተነከረው እሳት ሳይነድ ነው ብሏል» አለች። «ቢሆን ኖሮ ታጥቦ ይነጣ ነበር። ይኼ ሻርፕ የገባው በፈላ ቀለም ውስጥ ነው። በርሜሉ ደግሞ የፈላው ከአምስት ሰዓት በኋላ ነው። በዚያ ሰዓት ጥሊሊ አልነበረም።»

«ሴትዮዋ ጥንቆላ ጀመረች» አለ ወርቅአየሁ። ዓይኑ ግን ከድስቶቹ አልተነቀለም። ዕድሜውን ሙሉ ዘርፉን ከበር ላይ ተቀብሎ ፈረሱን ከማስጌጥ በቀር ክር ሲነከር እሳቱ አጠገብ ቆሞ አያውቅም።

«ሻርፑን ፍታው።»

ሁለት ፖሊሶች ፈቱለት። ከቀዩ ጫፍ ወደ ውስጥ ያጠፈው ክፍል ሲዘረጋ፣ መካከሉ ላይ ቀለም ያልደረሰበት ነጭ ቦታ ታየ፤ ልክ የአንድ ጭብጥ ስፋት።

«ወርቅአየሁ በማማሰያው ሲፈነክተው» አለች ማናለብሽ፣ «ኪዳኑ ሻርፑን ጨበጠ። ሻርፑ ከአንገቱ ተመዞ አንድ ጫፉ አብሮት በርሜል ገባ። ወርቅአየሁ እንጨቱን ማጅራቱ ላይ ጭኖ መንፈራገጡ እስኪያቆም ያዘው። ኪዳኑ አልለቀቀም፤ የጨበጠውን ቀለሙ አላገኘውም። በመጨረሻ በደረቁ ጫፍ እጁን ጎትቶ አወጣና ጣቶቹን ሰብሮ አስለቀቀው። እንዳይጥለው፣ እናቱ የሠሩለት ነው፤ የት አደረስኸው ይሉታል።»

ወርቅአየሁ ወደ እናቱ ዞረ።

«የአባቴን ፈረስ በበርሜል ሊለውጥ!» አለ። «እምዬ፣ በቁጣ ነው።»

ባለጠብመንጃዎቹ እማማ ሽታዬን ተመለከቱ። አንድ ሽማግሌ «የሞተው ባልሽ፣ የገደለው ወንድምሽ» ብለው ጀመሩና ተረቱን መጨረስ ከበዳቸው። የሁዘይፋ ካቴና ሲፈታ የሚያየው ሰው አልነበረም።

እማማ ሽታዬ ነጠላቸውን አጥብቀው ተነሡ።

«ልጄ፣» አሉ ማናለብሽን፣ «ደሙ ሳይመለስ አልቀብርም ብዬ ምያለሁ። መሐላዬን ሳልፈጽም ቶሎ ውሰጅልኝ።»

ፖሊሶቹ ወርቅአየሁን በጓሮ በር አወጡት። ሳጥኑ በፊት በር ወጣ። እናትየው በሁለቱ በሮች መካከል ትንሽ ቆሙና የሞተውን ተከተሉ።