ከአራቱ በኋላ የመጣችው

«ቀኑ መቼ ነው የሚለው?»

እናቷ እርጥብ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ቢጫዋን የጤና ጣቢያ ካርድ ዘረጋችላት። እናትየው ማንበብ አትችልም፤ በካርዱ ጉዳይ የምታምነው ይቺን የአሥራ አራት ዓመት ልጇን ነው።

ካርዱ ላይ የተጻፈው የዛሬ ቀን ነበር። እናቷ በየሦስት ወሩ የምትወጋው የወሊድ መከላከያ መርፌ ቀን።

«ገና ነው» አለች ልጅቷ።

ለምን እንዲያ እንዳለች ለራሷም አልገባትም። ትናንት የጂኦግራፊ መምህሩ ሰሌዳው ላይ ሽቅብ የሚወጣ መስመር ስሎ፣ «የሕዝባችን ቁጥር ነው። መንግሥት ቤተሰብ ሁሉ ማሳደግ የሚችለውን ያህል ብቻ እንዲወልድ አቅዷል» ብሎ ነበር። ለሦስት በተሠራ ዴስክ ላይ አራት አራት ሆነው ተጣብበው ሲሰሙት የነበሩት ተማሪዎች ሰማንያ ስድስት ናቸው።

እሷ ደግሞ ቤት ውስጥ «ጭማሪ» ነው የምትባለው። አራት ይበቃናል ከተባለ በኋላ ስለመጣች ወንድሞቿ ያወጡላት ስም ነው። ከእሷ በኋላ ሁለት ቢወለዱም ስሙ ከእሷ አልወረደም። ሌላ ጊዜ ያስቃታል። ትናንት ግን መስመሩን እያየች እሷ የሌለችበትን ዴስክ አሰበች፤ ሦስቱ ልጆች ክርናቸውን ዘርግተው ሲጽፉ፣ ማን ጎደለ ብሎ የሚጠይቅ ሳይኖር።

አንሶላ ሊያሰጡ ወደ ግቢው ወጡ። ፀሐዩ ለስለስ ያለ ነው። ነፋሱ አንሶላውን ነፋ አድርጎት እናትና ልጅ ወዲያና ወዲህ ሆኑ። የእናቷ ጥላ ብቻ ነጩ ጨርቅ ላይ ይዋኛል። ከጥላ ጋር ማውራት ቀለላት።

«እማ፣ ያኔ ይሄ መርፌ ቢኖር ኖሮ እኔ እወለድ ነበር?»

ጥላው ቀጥ አለ።

«ምን ልዋሽሽ፣ አላውቅም። በጣም ደክሞኝ ነበር።» አንሶላውን ከወዲያ እያቃናች ቀጠለች። «ትንሿን ስወልድ ደም ፈስሶኝ ጤና ጣቢያ የተኛሁ ጊዜ፣ ነርሷ ‹እንዳትተኚ፣ ዝም ብለሽ ቁጠሪ› አለችኝ። ቁጥሩ ሲምታታብኝ እናንተን መቁጠር ጀመርኩ። ከታላቃችሁ እስከ ትንሿ፣ ደግሞ እንደገና። አንዴ አንቺን ዘልዬሽ ኖሮ ስድስት ሆናችሁብኝ። ደንግጬ ዓይኔን ገለጥኩ። ያን ቀን ያላንቺ ተኝቼ እቀር ነበር።»

ልጅቷ የአንሶላውን ጫፍ ጨብጣ ቆመች።

«ሐኪሙ ‹ድጋሚ ካረገዝሽ አትተርፊም› ብሎኛል» አለች እናቷ፤ «ለዚህ ነው በካርዷ የምጨቀጭቅሽ።»

ልጅቷ ጎንበስ ብላ በአንሶላው ሥር ሾልካ ወደ እናቷ አለፈች።

«እማ፣ ቀኑ ዛሬ ነው። ዋሽቼሽ ነው።»

እናቷ ቀና ብላ ፀሐዩን አየች። አልተቆጣቻትም።

«ስንት ሰዓት ነው የሚዘጉት?»

«ቅዳሜ ስለሆነ ስድስት ሰዓት። ጠብቂኝ፣ አብሬሽ እሄዳለሁ።»

ሮጣ ገብታ ትንሿን እህቷን አዘለች። ስትወጣ እናቷ ጫማዋን ቀይራ የግቢውን በር ይዛላት ቆማ ነበር።