የተቀቀለው መርፌ

ቀጸላ ሲደርስ ስምረት በጀርባዋ ተኝታ ነበር። ፀጉሯ በሻሽ ታስሯል፤ ፊቷ ታጥቧል፤ ብርድ ልብሱም እስከ አገጯ ድረስ ተስቦላታል። ቤቱ ከሃቫና ስትሪት ገባ ብሎ ያለ ጠባብ ቤት ነው። ለማያውቅ ሰው ሥራ ደክሟት ጋደም ያለች ሴት ትመስላለች።

«የሚጠላ ሰው ፊት አያጥብም» አለ ቀጸላ ለራሱ።

ቀጸላ በካውንቲው የአስከሬን ምርመራ ቢሮ መርማሪ ነው። አውሮራ ከተማ ውስጥ ድንገት የሞተ ሰው ሲገኝ እሱ ይጠራል፤ ሟቹ ሐበሻ ከሆነ ደግሞ ተራው ባይሆንም ይጠሩታል። ብዙ ሬሳ ማየት ልቡን አላደነደነውም። ነገር አላልፍ የሚል ግትር አደረገው እንጂ።

ብርድ ልብሱን ገለጠው። ግራ ጡቷ ቀልቶ አብጧል። ከጎኑ በፋሻ የተሸፈነ አንድ የመርፌ ቀዳዳ አለ። ከዚያ ዝቅ ብሎ፣ የጎን አጥንቷ ላይ፣ የጤፍ ፍሬ የሚያካክሉ ሰማያዊ ነጥቦች አየ። ጎንበስ ብሎ ተመለከታቸውና መልሶ ሸፈናት።

መታጠቢያ ቤት ቆሻሻ መጣያ ውስጥ በሶፍት የተጠቀለለ ሲሪንጅ ተገኝቷል። የታሸገበት ወረቀትም አብሮት ነበር። የፕላስቲኩ ጎን ተጣሟል። ወጥ ቤት ደግሞ ምድጃው ላይ አንዲት ትንሽ ድስት ተቀምጣለች፤ ውስጧ ባዶ ነው። ቀጸላ ወለሏን በጣቱ ዳሰሰ። የሚሻክር ነገር ነካው።

ፖሊሱ ግን ነገሩን ጨርሶታል።

«ምድር ቤቱን የተከራየችው ሴት ነርስ ናት። ሲሪንጁ ከቦርሳዋ የወጣ ነው። ፈረቃዋን አቋርጣ ወጥታ ሬሳውን ያገኘችውም እሷ ናት። ሌላ ምን ትፈልጋለህ?»

«ትንሽ ጊዜ» አለ ቀጸላ።

ነርሷ ፀዲ ናት። አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች፤ ስንት ዓመት ፅዳት እየሠራች በማታ ተምራ ነው የነርስነት ፈቃዷን ያገኘችው። አሁን ደረጃው ላይ ተቀምጣ ዩኒፎርሟን በእንባ አርሳዋለች።

«ጋሼ፣ እኔ አልነካኋትም። ሥራ ላይ እያለሁ ደወለችልኝ። ‹ትንፋሽ አጠረኝ› አለችኝ። ናይን ዋን ዋን ደውዪ፣ አምቡላንስ ይምጣልሽ ስላት ‹ውድነህ ይሰማል› አለች። ምኑን ነው የሚሰማው? ምንም አልገባኝም። ጥዬ መጣሁ። ስደርስ…»

«ጡቷን ያማት ነበር?»

«ኧረ በጣም! በወጣትነቷ ለውበት ጡቷ ውስጥ ያስገባችው ሰው ሠራሽ ነገር ተበላሽቶባት ነው። ማስወጣት ፈልጋ ኢንሹራንሱ ሁለቴ እምቢ አላት። እህቷ እትዬ የምሥራች ናቸው ከነሱ ጋር በስልክ የሚነጋገሩላት። ‹ለምንድን ነው ያስገባችው?› ሲሏቸው ‹ፎር ቢዩቲ፣ ለውበት ነው› ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ‹እንግዲያው ኮስሜቲክ ነው፣ ከቨር አናደርግም፣ አንከፍልም› አሏቸው።»

«ሐኪም ዘንድስ?»

«ስንት ጊዜ ለመንኳት! ‹ኢንሹራንሱ በውድነህ ሥራ ነው፤ የሐኪሙ ወረቀት ሁሉ በስሙ ነው የሚመጣው› ትለኛለች። እሱ ደግሞ ለሷ የማይሆነው የለም። ይኸው እንግዲህ።» ቀና ብላ አየችው። «ሊያስሩኝ ነው አይደል? ባያስሩኝም ፈቃዴን ይነጥቁኛል። እኔ ሌላ ምን አለኝ?»

ቀጸላ የማይፈጽመውን ተስፋ መስጠት አይወድም። ትከሻዋን ነካ አድርጎ ተነሣ።

ባልየው ውድነህ ኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልስ የሻትል ሾፌር ነው። ከሥራ ተጠርቶ መጥቶ ሳሎን ውስጥ ቆሟል፤ ቁጭ በል ቢሉትም እምቢ ብሏል። የመኪናው ቁልፍ አሁንም እጁ ውስጥ ነው።

«አቶ ውድነህ፣ ሕመሟን ያውቁ ነበር?»

«ጡቷን ያማት ነበር። ‹ይቀልለኛል› ትለኛለች። በግድ ሆስፒታል ልውሰድሽ ስላት ትቆጣለች።» ቀጥሎም፦ «ሰውነቷ ላይ ያሉት ነጥቦች ደግሞ ንቅሳት ናቸው። የልጅነት ንቅሳት።»

«እሺ» አለ ቀጸላ።

የስምረት ታላቅ እህት የምሥራች ሞንትቤሎ ሰፈር ነው የምትኖረው። ስድሳ ሊሞላት ጥቂት የቀራት፣ ሆቴል ውስጥ አልጋ አንጣፊ ናት። ቀጸላ በማግሥቱ ሲሄድ ጥቁር ለብሳ፣ ፊቷን ቧጥጣ አገኛት።

«እትዬ፣ እግዜር ያጥናዎት። ትናንት፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ እሷ ዘንድ ነበሩ አሉ።»

«ነበርኩ፣ ወንድሜ። በትንሿ ድስት አጥሚት ሠራሁላት። ፉት ፉት አለችና ተኛች። ላብ አጥምቋት ነበር፣ ፊቷን አጠብኳት። ከዚያ ወደ ሥራዬ ሄድኩ። ምነው እግሬን በሰበረው!»

«አገር ቤትም እንዲህ በሽተኛ ያስታምሙ ነበር?»

«ሥራዬ እኮ ነበር! ደሴ፣ ክሊኒክ ውስጥ፣ በደርግ ጊዜ ድሬሰር ነበርኩ። ስንቱን ቁስለኛ አጥቤ አድኛለሁ። የገዛ እህቴን ግን…» ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። እውነተኛ ልቅሶ ነበር። ቀጸላም ዓይኑ ሞላ፤ ለሚጠረጥሩት ሰው ማዘን የዚህ ሥራ ክፉ ጎኑ ነው።

የአስከሬን ሐኪሙ ውጤት ወጣ። መርፌው ያበጠውን ቦታ አልፎ ሳንባ ነክቷል። አየር ሾልኮ ሳንባዋ ቀስ በቀስ ተኮማትሯል። ቶሎ ሆስፒታል ብትደርስ ትተርፍ ነበር። ሐኪሙ አንድ ነገር ጨመረ፤ ቀጸላም ቢሮው ገብቶ አንድ ሆስፒታል ደወለ። የቀረውን እዚያ ሰማ።

በሰልስቱ ቤቱ በለቀስተኛ ተሞልቷል። የሰው ጫማ ከበር እስከ ደረጃ ተደርድሯል፤ ጎረቤት ምግብ ያቀርባል፤ ወንዶቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወራሉ። ቀጸላ ሦስቱን ወደ መኝታ ቤት ጠራቸውና በሩን ዘጋ። የምሥራች አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ፀዲ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። ውድነህ እንደ ልማዱ አልተቀመጠም።

«ፖሊሱ ውጪ መኪናው ውስጥ ነው» አለ ቀጸላ። «ፀዲን ሊወስድ ነው የመጣው። ከዚያ በፊት የማውቀውን ልንገራችሁ ብዬ ነው።»

ፀዲ ዓይኗን ጨፈነች።

«የተገኘው ሲሪንጅ ከፋብሪካው ንጹሕ ሆኖ ታሽጎ ነው የሚመጣው። ፀዲ፣ ሥራ ቦታሽ ይህን ስትከፍቺ ምን ታደርጊያለሽ?»

«እወጋበታለሁ፣ እጥለዋለሁ። ሌላ ምን አደርገዋለሁ?»

«አዎ። ይሄኛው ግን ከማሸጊያው ከወጣ በኋላ ተቀቅሏል። ለዚህ ነው የተጣመመው። ከፕላስቲኩ ቁራጭ ድስቷ ወለል ላይ ተጣብቆ ቀርቷል። አጥሚት ተሠራባት የተባለችው ድስት ማለት ነው። የአጥሚት ምልክት ግን አልነበረባትም፤ ሐኪሙም የስምረት ሆድ ባዶ ነበር ብሎኛል።» ወደ ፀዲ አመለከተ። «እዚህ አገር የተማረ ነርስ መርፌ አይቀቅልም። መርፌ የሚቀቅል ሰው ሥራውን የለመደው በመስታወት ሲሪንጅ ዘመን ነው። እኔ ልጅ ሆኜ ጤና ጣቢያ ስንወሰድ ገና ውሃው ሲንተከተክ ነበር ልቅሶ የምንጀምረው። ቅዳሜ ጠዋት እዚህ ቤት የነበረ፣ በዚያ ዘመን መርፌ የያዘ ሰው አንድ ብቻ ነው።»

የምሥራች እጆቿን አየች።

«ከፀዲ ክፍል፣ ከቦርሳዋ አወጣሁት። የቀቀልኩት ንጹሕ ይሁንላት ብዬ ነው» አለች። «መግል የቋጠረ መስሎኝ። ብቀዳላት ይቀላታል ብዬ። ጥቂት ወጣ፤ ‹ቀለለኝ እህቴ› አለችኝ፤ ሳመችኝ።»

«እትዬ!» ፀዲ ጮኸች። «እኔን ሊያስሩኝ እኮ ነው! ለሦስት ቀን ዝም ብለው አዩኝ?»

«ዛሬ እናገራለሁ፣ ነገ እናገራለሁ ስል ነው፣ ልጄ። አፌ ተሳሰረ። ይቅር በዪኝ።»

«ገና አልጨረስኩም» አለ ቀጸላ። ድምፁ ደክሟል። «መርፌው የመጨረሻው ነገር ነው። ኢንሹራንስ ያላት ሴት ቤቷ ተኝታ ለምን በተቀቀለ መርፌ ትወጋለች? ኢንሹራንሱ እምቢ ስላለ። ለምን እምቢ አለ? ለውበት ነው ስለተባለ። ግን ለውበት አልነበረም።»

«ተው ወንድሜ» አለች የምሥራች። በዓይኗ ወደ ውድነህ እያመለከተች። «እባክህ፣ እሱ ፊት ተው።»

«ሞታለች፣ እትዬ። ከእንግዲህ ከማን ነው የምንደብቀው? ሐኪሙ ግራ ጡቷ የራሷ እንዳልነበረ አይቷል። ነጥቦቹ የጨረር ሕክምና ሲሰጥ ቆዳ ላይ የሚደረጉ ምልክቶች ናቸው። በፈረንጆቹ ዘጠና ዘጠኝ ካፒቶል ሂል ሰፈር ስትኖሩ ስምረት የጡት ካንሰር ይዟት ታክማለች። ጡቷ ተቆርጦ ነው ሰው ሠራሹ የገባላት። እንዲህ ያለችን ሴት ያ ነገር ቢበላሽባት ኢንሹራንሱ ያስወጣላት ነበር፤ ሕጉም ያስገድደዋል። አንድ ቃል ነበር የሚፈለገው።»

«ያን ቃል እንዳልናገር እጄን ጨምቃ ይዛኝ ነበር» አለች የምሥራች። «አጠገቤ ተቀምጣ። ‹ወረቀቱ ለሱ ይመጣል፣ ካንሰር የሚለውን ያየዋል› አለችኝ። ለውበት ያስገባሁት ነው ብላ ነው ያገባችው። ካወቀ ይሸሸኛል፣ የታመመ ዕቃ ሸጡልኝ ይላል ብላ እስከ መጨረሻው ፈራች። እኔም ትዳሯ ይቆይላት ብዬ ዋሸሁላት።»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ሁላችንም እንለዋለን፤ ተራው የኛ ሲደርስ ግን እንደብቃለን።

ቀጸላ ወደ ውድነህ ዞረ። «አንድ ጥያቄ ይቀረኛል። የዚያን ቀን ስለ ነጥቦቹ አልጠየቅኩዎትም። ራስዎ ነዎት አንስተው ንቅሳት ነው ያሉኝ። ንቅሳት ደግሞ አንገት ላይ፣ ድድ ላይ እንጂ ጎን አጥንት ላይ አይነቀስም። ያልተጠየቁትን ለምን ሸፈኑ?»

ውድነህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀመጠ። ከአልጋው በወዲያኛው ጫፍ፣ ጀርባውን ለየምሥራች ሰጥቶ።

«አውቅ ነበር» አለ።

የመኪናውን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ አልጋው ላይ አስቀመጠ።

«ያኔ ከካፒቶል ሂል ሆስፒታል የሚያመላልሳችሁ ባለ ታክሲ ተስፋዬ ጓደኛዬ ነው። ላገባት ነው ስለው ነገረኝ። እያወቅኩ ነው ያገባኋት። ነጥቦቹን ‹ንቅሳት ነው› ብላኝ ነበር፤ እሷ ያለችውን ነው የደገምኩልህ። ሬሳ ሆናም አላጋልጣትም ብዬ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርካትም?» የምሥራች በሹክሹክታ ጠየቀች።

«ራሷ እስክትነግረኝ እየጠበቅኩ። ማወቄን ካወቀች ታፍራለች ብዬ ፈራሁ። ለውበት ነው ስትለኝ ‹አምሮብሻል› እላታለሁ።» ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «አምስት ዓመት ሙሉ አምሮብሻል አልኳት!»

«ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!» አለች ፀዲ። ልትቆጣ ነበር የጀመረችው፤ ግን አንገቷን ደፍታ ተንሰቀሰቀች።

የምሥራች ከመቀመጫዋ ተነሣች። አንዴ የውድነህን ትከሻ ልትነካ እጇን ዘረጋችና መለሰችው። ከዚያ ነጠላዋን አጣፍታ ቀጸላን አየችው። «ፖሊሱ ጋ ውሰደኝ። እኔው ልንገረው።»

ሳሎኑን አቋርጠው ሲወጡ ለቀስተኛው መንገድ ለቀቀላቸው። በር ላይ፣ ገና ከመኪና የወረዱ እማማ አበዛሽ የምሥራችን አንገቷን ይዘው ሳሟት። እሳቸውም እንደ ሁሉም ለቀስተኛ ጠየቁ።

«ምን አግኝቷት ነው፣ ልጄ? ድንገተኛ ነው አሉ።»

የምሥራች ወደ ኋላዋ ዞረች። ቤቱ ሁሉ ያያታል። ውድነህ የመኝታ ቤቱ በር ላይ ቆሟል።

«ካንሰር ነበረባት፣ እማማ» አለች፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «ከሱ ድና ነበር። የገደልናት እኛ ነን።»

ከዚያ ጫማዋን ፈልጋ አጠለቀችና ወደ ፖሊሱ መኪና ሄደች።