የውሰት እርምጃ

አልጣሽ ወደ ጓዳ ስትሄድ የባሏ የሽመክት እግሮች አልጋው ላይ ተራመዱ። ስትቆም ቆሙ። እንግዳ ሰው ቢያይ ይደነግጥ ይሆናል፤ ሐይቁ ላይ በተንሳፈፈችው ከተማ ግን ጀርባው ቀዶ ጥገና የተደረገለት ሰው ያለበት ቤት ሁሉ እንዲህ ነበር።

ሐኪሞቹ በተጎዳው ሰረሰሩ ውስጥ ነርቭክር ዘርግተውለታል። ነርቭክር ከአንጎል ወደ እግር ትእዛዝ የሚያደርስ፣ ከፀጉር የቀጠነ ሰው ሠራሽ ጅማት ነው። ክሩ የሽመክትን ትእዛዝ እስኪለምድ፣ አልጣሽ በታጠቀችው መቀነት በኩል እርምጃዋን ታውሰዋለች። ምን ያደርጋል፣ ክሩ እሷን ለመደና እሱን እንቢ አለ። ዛሬ ሽመክት በራሱ ካልቆመ ክሩ ይወጣል፤ ከወጣ ደግሞ ዳግም አይገባም።

ዶክተር ምንትዋብ ግድግዳው ላይ ባለው ስክሪን ብቅ አለች።

«ወይዘሮ አልጣሽ፣ መቀነቱን ይፍቱት። አቶ ሽመክት፣ እግርዎን ይዘዙት።»

«ተነሥ!» አለ ሽመክት። ምንም። «ተነሥ እንጂ አንተ!» ላቡ ብቻ ወረደ።

«ተዪኝ በቃ» አለ ወደ ሚስቱ ዞሮ። «እግሬ የማን እንደሆነ እኔም ጠፍቶኛል።»

«እኔስ ብትል? ስራመድ ለማን እንደምራመድ ግራ ገብቶኛል!»

በሩ ተንኳኳ። ከታችኛው ወለል የሚኖሩት ሽማግሌ፣ ጋሽ ተድባበ፣ በሽተኛ ሊጠይቁ ከዘራቸውን ይዘው ገቡ።

«ኖር!» አለች አልጣሽ ብድግ ብላ።

«ኖር» አለ ከኋላዋ ሌላ ድምፅ።

ዞር ስትል ሽመክት ቆሟል።

«በእግዜር! ኧረ ተቀመጥ ልጄ፣ በሞቴ!» አሉ ጋሽ ተድባበ።

«ኧረ ጋሼ፣ አይቀመጥ!» ብላ አልጣሽ ጮኸች። ማን ሰምቷት፤ ሽማግሌ በሞቴ ብለውት እንዴት ይቆማል? ቁጭ አለ።

«ይፍቱት አላልኩም?» አለች ዶክተሯ።

«ፈትቼዋለሁ እኮ!» መቀነቱ ወንበሩ ላይ ነበር።

ዶክተሯ በክሩ የወረደውን ምልክት ደጋግማ አየች። «ከራሳቸው ነው የመጣው፤ ግን ትእዛዝ አይመስልም። ምን እንደምለው እንጃ። ክሩ እንዲይዘው ይድገሙት።»

ጋሽ ተድባበ ወጥተው ገቡ። እንደገና ወጥተው ገቡ። የሽመክት እግር ወይ ፍንክች።

«ሲመላለሱ እያየኋቸው እንዴት እንግዳ ይሆናሉ?» አለ ሊያለቅስ ደርሶ።

አልጣሽ አልቻለችም። ኮሪደር ወጥታ አለቀሰች። ተናዳለችም፤ በክሩ፣ በሐኪሞቹ፣ በእሱም። ለእንግዳ የሚነሣ እግር ለእኔ ሲሆን የሚለግመው ምን አድርጌው ነው? ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ፣ በቃ ክሩ ይውጣ ልትል ተመለሰች።

ስትገባ ሽመክት ቀና ብሎ አያት። የቀላ ዓይኗን፣ ለሁለት ሰው ተራምዶ የዛለ እግሯን አየና አንጀቱን በላችው።

ተነሣ።

«ኖር» አለ።

አልጣሽ ባል ለሚስቱ ሲነሣ አይታም ሰምታም አታውቅም።

«በ... በእግዜር» አለች።

ጋሽ ተድባበ «ተቀመጥ» እንዳያመልጣቸው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

«ያዘ! ክሩ ያዘ!» አለች ዶክተሯ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እኛ እኮ ያስተማርነው ትእዛዝ ብቻ ነው» አለች ግራ እንደተጋባች።

የሽመክት ጉልበት ይንቀጠቀጥ ጀመር።

«ተቀመጥ በይኝ እንጂ» አለ።

«አልልም» አለች አልጣሽ እንባዋ እየወረደ። «ትንሽ ልይህ።»