ወደ ሰማይ ያየችው በቅሎ

ሽውታ ዐርብ ጠዋት በረቷ ውስጥ በጎኗ ተዘርራ ተገኘች። የሞጣ ሰው ቁርሱን ሳይቀምስ ወሬዋን ጠገበ።

ሽውታ በቅሎ ናት፤ ግን ዝም ብላ በቅሎ አይደለችም። ባለቤቷ አያ ፋንታ ከሞጣ ጋልበዋት ብቸና ሲገቡ፣ ጥላዋ ገና መንገድ ላይ፣ ግንደወይን ያለከልክ ነበር ይባላል። ባርኔጣቸው የደረሰው በማግሥቱ ነው፤ ያውም በአውቶቡስ። እንዲህ ያለች በቅሎ ስትሞት ፖሊስ ይጠራል። ከሞጣ ፖሊሶች ግን በሠርግ ግልቢያ ላይ ለሽውታ ያላጨበጨበ አልተገኘም። ገለልተኛ ሰው ሲፈለግ ሳጅን ይርጋነሽ ከብቸና ተላከች።

ሳጅን ይርጋነሽ መቀመጥ አትወድም። ወንበር ሲሰጧት ትዞረዋለች እንጂ አትቀመጥበትም። በረቱ ደጃፍ ላይ የእንስሳት ሐኪሟ ዶክተር እፀገነት የበረዶ ሣጥን ታቅፋ ጠበቀቻት።

«ሳጅን፣ በረዶው እየቀለጠ ነው።»

«ሰላም ዋልሽ ይቀድማል።»

«ይቅርታ። ሰላም ዋሉ። በረዶው እየቀለጠ ነው።»

ይርጋነሽ ሳቋን ዋጠች። «እሺ፣ ምን አደረግሻት?»

«ከዐይኗ በላይ የእንቁላል ያህል የካንሰር ዕጢ ወጥቶባታል። ትናንት መድኃኒት ወጋኋት፤ በአንገቷ ደም ሥር። መድኃኒቱ ዐይን የማያያቸው የስብ ከረጢቶች ናቸው፤ ውስጣቸው ቦሮን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ዕጢው ከረጢቶቹን ይሰበስባል ብለን ነው። ወደፊት ለሰው ሲደርስ፣ ልዩ ጨረር ሲለቀቅ ቦሮን የያዘው ሕዋስ ብቻ ይቃጠላል።»

«እዚህ ጨረር አለ?»

«የለም። እኔ የምፈትነው ከረጢቱ ዕጢው ጋ መድረሱን ብቻ ነው። ለዚህ ከዕጢው ቁራጭ ያስፈልገኛል፤ ዛሬውኑ። ነገ ይበሰብሳል።»

«ምን አገደሽ ታዲያ?»

ዶክተሯ በአገጯ ወደ አጥሩ ጠቆመች። ዱላ የያዙ ጎረምሶች ተኮልኩለዋል። «እኔ ቢላዋ ሳነሳ እነሱ ዱላ ያነሳሉ። ካልቆረጥኩ ደግሞ መድኃኒቱ ገዳይ ነው ተብሎ ጥናቱ ይዘጋል። የሁለት ዓመት ልፋቴ ከበቅሎዋ ጋር ይቀበራል።»

«ከመድኃኒቱ የተረፈ አለ?»

ዶክተሯ ሣጥኑን ከፈተች። ብልቃጦቹ ሁሉ በብር ወረቀት ተጠቅልለዋል። «ብርሃን አይወድም። መርፌውንም ሸፍኜ ነው የምወጋው፤ መልኩን እዚህ ከእኔ በቀር ያየ የለም።» ድንገት ጣቷ ቆመ። «አንድ ብልቃጥ ጎድሏል! ሣጥኑ ያደረው እዚሁ በረቱ ውስጥ ነው።»

ይርጋነሽ ወደ ሬሳው ገባች። የሽውታን ከንፈር ገልጣ አፏን አየች፤ ንጹሕ ነው። አፍንጫዋ ላይ ግን ቀንድ አውጣ የሄደበት የሚመስል ነገር ደርቆ ያብረቀርቃል። በጣቷ አሸት አድርጋ አሸተተችው። ቀና ስትል ማገሩ ላይ ገመድ የፋቀው አዲስ ምልክት አየች። ከዚያ ግድግዳውን ዳሰሰች። ጭቃው በአሮጌ የርግጫ ጉድጓድ ተበሳስቷል፤ ትኩስ ጉድጓድ ግን አንድም የለም።

የበረቱ ዘበኛ አለበል እያነከሰ መጣ።

«ማን አነከሰህ?»

«ሟቿ። ሽውታ ከአያ ፋንታ በቀር ሰው አታስጠጋም። ትናንት ዶክተሯ ስትወጋት አራት ሆነን ይዘናት፣ በደኅና እግራቸው የወጡት ሁለት ብቻ ናቸው። እኔ ከሁለቱ አይደለሁም።»

«አያ ፋንታ ስትወጋ አብረው ነበሩ?»

«ስቃይዋን አላይም ብለው ውጭ ቆሙ።»

«ከዚያ ወዲያ ማን መጣ?»

«ማንም።»

«ይሄ ማንም የምትለው ሰውዬ፣ ገባ ወይስ ደጅ ቆመ?»

አለበል ጭንቅላቱን አከከ። «አብዱልሐኪም መጣ። አያ ፋንታም ደኅና እደሪ ሊሏት መጡ። ባለቤት እንዴት ይከለከላል?»

ጨርቅ ነጋዴው አብዱልሐኪም፣ በግልቢያ በቅሎው ሁልጊዜ ከሽውታ ቀጥላ የምትገባ ሰው ነው። ዐይኑ ቀልቷል።

«የእኔዋ የሽውታን ጭራ እያየች አረጀች» አለ።

«ጠልተሃት ነበር ማለት ነው።»

«ሳጅን፣ ሁለተኛ የሚኮነው አንደኛ ሲኖር ነው። አሁን ማንን ላሳድድ? ትናንትም በሩ ላይ ቆሜ እንደ ልማዴ ሰደብኳት። ጆሮዋን አጥፋ ልትረግጠኝ ስትዞር ሮጥኩ። ደኅና ነበረች!»

አያ ፋንታ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበዋል።

«እግዚአብሔር ያጽናዎ፣ አያ ፋንታ።»

«ያቺ ልጅ ትታሰርልኝ! ያንን ወተት የመሰለ መርዝ በደም ሥሯ ለቀቀችባት። ማንም ሬሳዋን አይንካ። ቢላዋ አይደርስባትም!»

ይርጋነሽ ድንጋዩን ዞረች። ከዚያ ሁሉንም በረቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። የአጥሩ ጎረምሶችም ዱላቸውን እንደያዙ በር ላይ ተጋፉ። ሣጥኑ ውስጥ ከበረዶው ይልቅ ውኃው በዝቷል።

«አፍንጫዋ ላይ የደረቀው ተልባ ነው» ብላ ጀመረች። «ተልባ በጾም ከየቤቱ አይጠፋም፤ ስለዚህ ብቻውን ማንንም አያሲዝም። ግን ሊመርዛት የፈለገ በመኖዋ ይሰጣት ነበር። አፏ ንጹሕ ነው። በእኛ አገር ከብት ሲታመም መድኃኒት በአፍንጫው ይጋታል፤ ለዚያ ደግሞ ራሱ ወደ ሰማይ መቃናት አለበት። ማገሩ ላይ ገመድ የፋቀውን እዩት። አፍንጫ የገባ ፈሳሽ መንገድ ይስትና ሳንባ ይሞላል። ሽውታ መርዝ አልገደላትም። በደረቅ መሬት ሰጠመች።»

«ማነው የጋታት?» አለ አንዱ ባለ ዱላ።

«አራት ሰው ይዟት የምትራገጥ በቅሎ፣ ራሷ በገመድ ሲሰቀል ግድግዳውን አንዴ እንኳ አልመታችም። ለጠላት እንዲህ አትቆምም።»

አብዱልሐኪም መሬት መሬት አየ።

«አያ ፋንታ፣ ስትወጋ ውጭ ነበሩ። ብልቃጡም የተጠቀለለ ነው። ወተት መምሰሉን የሚያውቅ ከዶክተሯ ሌላ፣ የጠፋውን ብልቃጥ የከፈተው ሰው ነው።»

ሽማግሌው ጋቢያቸውን ከፊታቸው አወረዱ።

«ዕጢው ዐይኗ ላይ፣ መርፌው አንገቷ ላይ!» አሉ። «አንገት የት፣ ዐይን የት! በአፍንጫ ይቀርባል ብዬ… አለበልን ውኃ ቅዳልኝ ብዬ ላክሁትና ብልቃጡን አነሳሁ። ተልባ የጨመርኩበት እንዲያንሸራትተው ነው። ስወጣ ቆማ ነበር፤ ብቻ ትስላለች። መርፌው ነው አልኩ። ከልቤ ነው የከሰስኳት፣ ሳጅን።»

«ከልብዎ መሆኑን አውቃለሁ» አለች ይርጋነሽ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጢጥ ብላ አጠገባቸው ተቀመጠች። «ብልቃጡን ነው የደበቁኝ።»

ዱላዎቹ አንድ በአንድ መሬት ነኩ። ዶክተር እፀገነት ደስ አላላትም፤ ሣጥኑን እያየች ጠጋ አለች።

«አያ ፋንታ፣ አሁን… ከዕጢው ትንሽ ልውሰድ?»

አያ ፋንታ ወደ ሽውታ አንገት አዩ። «በአንገቷ የላክሽው ዐይኗ ጋ ደርሷል?»

«ሳልቆርጥ አላውቅም። እንዲደርስ ነው የምመኘው።»

«ደርሶ ከሆነ እኔ ምንም ባላደርግ…» አልጨረሱትም። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«ውሰጂ፣ ልጄ። ብቻ ደርሶ ከሆነ ለእኔ አትንገሪኝ።»

ዶክተሯ ቢላዋዋን አነሳች።