ከማሾ ጆንያ ውስጥ የሰማነው ድምፅ

እኔ ሰላማዊት፣ ጋኔን ምናምን ሲወራ ከሁሉ ቀድሜ የምስቅ ሰው ነኝ፣ እናቴም «የዚች ልጅ አፍ አንድ ቀን ጉድ ያደርጋታል» እያለች ነው ያሳደገችኝ፣ አሁን የምነግራችሁንም ሌላ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ «ፀሐይ መቶህ ነው፣ ሂድ ተኛ» ብዬ ነበር የምሸኘው። ግን የሆነው በእኔው ላይ ነው፣ ምን ላድርግ።

ያን ጊዜ ሸዋ ሮቢት ውስጥ ትንሽ ኮምፒውተር ቤት ነበረችኝ፣ ጽሕፈት፣ ፕሪንት፣ ኔትወርኩ ደግ ሲሆን ደግሞ ኢንተርኔት። ባሌ ተሾመ የባዮሎጂ አስተማሪ ነው፣ ከክፍል ሲወጣ፣ ከአንድ ለአምስት ስብሰባም ሲያመልጥ፣ እኔ ጋ መጥቶ አንዷን ኮምፒውተር ይይዛታል፣ ያውም ደንበኛ ቆሞ! ምን የሚያይ ይመስላችኋል፣ የውጭ አገር ድርጅቶች አልፈታ ያላቸውን የሳይንስ ጥያቄ የሚለጥፉበት ድረ ገጽ ነው፣ መልስ ያለው ሰው ከየትም አገር ይሁን ይልካል፣ ያሸነፈ ይሸለማል። «የዓለምን ችግር ከመፍታትህ በፊት የሚያፈሰውን ጣራችንን ድፈንልኝ» እለዋለሁ፣ ይስቃል። ስንቴ ልኮ ስንቴ «ስለተሳተፉ እናመሰግናለን» እንደተባለ እሱና እኔ ነን የምናውቀው። እውነቱን ልንገራችሁ ግን፣ ስክሪኑ ላይ አፍጥጦ እስክሪብቶውን ሲያኝክ ሳየው ሆዴ ይባባል፣ እወደዋለሁ።

አንድ ቀን ታዲያ ከደላላ ጋር መነጋገሩን ሰማሁ። በረሃውን አቋርጦ፣ በጅቡቲ አድርጎ፣ ባሕሩን ተሻግሮ፣ በየመን ወደ ሳዑዲ። ጮህኩ፣ አለቀስኩ፣ ምግብ አልሠራም አልኩ። «የአስተማሪ ደሞዝ የት ያደርሰናል ሰሉ፣ እስከ መቼ ያንቺን እጅ አያለሁ?» አለኝ። ብዙ ከተጨቃጨቅን በኋላ ተስማማን፣ አንድ የመጨረሻ ጥያቄ ይሞክራል፣ ካለፈ ይቀራል፣ ካላለፈ ይሄዳል። ባሌ ከቤቱ እንዳይወጣ የማላውቃቸው ፈረንጆች እንዲፈርዱልኝ ስለት ተሳልኩ እኮ፣ ወይ ጉዴ!

ጥያቄው ደግሞ የኛው አገር ጥያቄ ነበር። እህል ውስጥ ነቀዝ መግባቱን፣ ገና ፍሬው ሳይበሳ፣ ገበሬ በሚችለው ርካሽ ነገር እንዴት ማወቅ ይቻላል ይላል። ማሾ ለሚያመርት አገር ይኼን ማንም አያስረዳውም፣ ደህና ነው ብላችሁ ያስቀመጣችሁት ጆንያ ሲፈታ ዱቄት ሆኖ ይጠብቃችኋል። ተሾመ «ትሉ ፍሬው ውስጥ ሆኖ ሲበላ ድምፅ አለው» አለና ከአሮጌ ሞባይል ማይክ ፈትቶ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ጫፍ ላይ አሰረው፣ ቱቦውን ጆንያው ውስጥ ይሰካል፣ በኤርፎን ያዳምጣል፣ በዚያው ይቀዳል። እኔም ሰምቼዋለሁ፣ ቅጭ ቅጭ ይላል፣ እመኑኝ፣ እሱን ከሰማችሁ ማሾ አትበሉም።

የቀረን የነቀዘና ንጹሕ ጆንያ አንድ ቦታ ላይ ቀድቶ መላክ ነበር፣ ጊዜው ሊያልቅ ነው፣ ጎረቤታችን ጋሼ ይማም ደግሞ የማሾ ነጋዴ ናቸው፣ መጋዘናቸውን ለመንናቸው። ችግሩ ከመጋዘኑ ጎን ያለው ወፍጮ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ያጓራል፣ ጸጥ የሚለው ቀትር ላይ ብቻ ነው፣ ባጃጆቹም ጥላ ገብተው የሚተኙት ያኔ ነው። ማታ ጋሼ ይማም አይከፍቱም።

«ልጆቼ፣ በቀትር የተዘጋ ቤት ባትገቡ ይሻል ነበር» አሉ ቁልፉን ይዘው።

«ውይ ጋሼ ይማም፣ አንቱም ያምናሉ?»

«እንዴት አላምን! ጂን እንዳለ ቁርአን ነግሮናል» አሉ ቆጣ ብለው፣ ከዚያ ደግሞ አሳዘንናቸው መሰለኝ፣ «በሉ ቢስሚላህ ብላችሁ ግቡ» ብለው ሰጡን። ተሾመ አማተበ፣ እኔ ሳቅሁበት።

ውስጡ እቶን ነው፣ ቆርቆሮው ከሙቀቱ የተነሣ ጠሽ ጠሽ ይላል። የነቀዘውን ጆንያ ቀዳን፣ ቅጭ ቅጩ ጥርት ብሎ ተሰማ፣ ተሾመ ደስ ብሎት ጉንጬን ሳመኝ። ከዚያ ቱቦውን አዲሱ፣ ያልነቀዘው ማሾ ውስጥ ሰካና ኤርፎኑን ለእኔ ሰጠኝ፣ «ምንም ካልሰማሽ አሪፍ ነው» አለ። መጀመሪያ እውነትም ምንም። ቀጥሎ ፍሬ የሚንሸራተት ዓይነት ሿሿታ፣ ጆንያውን ነክቼው ይሆናል አልኩና ራቅ አልኩ። ከዚያ ትንፋሽ። የራሴ ነው ብዬ ትንፋሼን ያዝኩ፣ አልቆመም።

«ሰሉ» አለ።

በዚህ ስም የሚጠራኝ ባሌ ብቻ ነው። ቀና ብዬ አየሁት፣ ፊት ለፊቴ ቆሞ ሞባይሉ ላይ አቀርቅሯል፣ አፉ ግጥም ብሎ ተዘግቷል። አፉን እያየሁት ጆሮዬ ውስጥ ያው የሱ ድምፅ፣ ግን የደረቀ፣ የሻከረ፣ «ሰሉ፣ ውሃ» አለ።

ኤርፎኑን ነቅዬ ጣልኩት። ተሾመ አንስቶ ጆሮው ላይ አደረገ፣ ትንሽ እንደቆየ ፊቱ አመድ መሰለ። «ምን ሰማህ?» ስለው «ምንም» አለ፣ ግን እጄን ይዞ ጎትቶ አወጣኝ። ጋሼ ይማም ፊታችንን አዩና ቢስሚላህ ብለው ቁልፋቸውን ተቀበሉን።

ኮምፒውተር ቤት ገብተን የተቀዳውን በትልቅ ስፒከር ከፈትነው፣ ምንም የለም፣ ጭጭ። ደግመን ከፈትን፣ ጭጭ። ስለዚህ ላክነው።

መልሱ ዘግይቶ መጣ፣ ተሾመ እያነበበ ተረጎመልኝ። ሐሳቡ ግሩም ነው ይላል፣ የነቀዘው ጆንያ ቅጂ እጅግ ጥሩ ነው ይላል፣ ንጹሕ በተባለው ላይ ግን የሰው ንግግር ስለሚሰማ ልንመዝነው አልቻልንም፣ ቋንቋውንም አላወቅነውም ይላል። ተያየን። እንደገና ከፈትነው፣ ለእኛ አሁንም ጭጭ።

እንግዲህ አላለፈም ማለት ነው፣ ቃል ቃል ነው፣ ደላላውም አብረውት የሚሄዱት ልጆች በዚያው ሳምንት ይወጣሉ ብሎታል። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ «አልሄድም ሰሉ» አለኝ።

«አላለፍክም እኮ» አልኩት፣ ይኼ አፌ!

«ያን ቀን የሰማሁት የራሴን ድምፅ ነው። አንቺን ነበር የሚጠራው» አለ። አንገቱ ላይ ተጠምጥሜ ጎረቤት እስኪሰማ አለቀስኩ፣ እሱም አለቀሰ።

ይኸው ቀረልኝ፣ ተመስገን፣ ፀጉሩ ሸብቷል፣ አሁንም ያን ድረ ገጽ ይከፍታል፣ ጣራችንም አሁንም ያፈሳል። አብረውት ሊወጡ ከነበሩት ልጆች እስከዛሬ የደወለ የለም። አንድ ነገር ግን አልለቀቀኝም፣ የእኔ ተሾመ እዚህ ከቀረ ያ ሲጠራኝ የነበረው የት ነው ያለው? ባሌን አቅፌው ተኝቼ፣ ያኛው ውሃ የሚሰጠው ሰው አግኝቶ ይሆን እያልኩ አለቅሳለሁ።