የፀጉር ማድረቂያው ድምፅ

«ጠጋ በይ እንጂ፣ ጋረድሽኝ» አለች ሜሪ፣ እጇን ፈንዲሻው ውስጥ እንደከተተች።

ሌሊሴ ጠጋ አለች። ቀራንዮ ያለው የወጣቶች ማዕከል አዳራሽ ጢም ብሎ ሞልቷል። ዓለም አቀፉ የዘጋቢ ፊልም ፌስቲቫል ዘንድሮ መሃል ከተማ ብቻ መታየቱን ትቶ ሰፈር ድረስ ወርዷል፤ የትምህርት ቤታቸው የፊልም ክበብ ኃላፊ መምህር ማርቆስም በየቀኑ ተማሪዎቹን ሰብስበው ያመጧቸዋል። የትናንቱ ፊልም በበረዶ አገር ስለሚኖሩ አጋዘን አርቢዎች ነበር፤ ሜሪ ግማሹን ተኝታ ነው የጨረሰችው። የዛሬው ግን ዓረብ አገር ከአሠሪዎቻቸው ቤት ጠፍተው አንድ አፓርታማ ውስጥ ስለተደበቁ የቤት ሠራተኞች ነው። ፊልሙን የሠራችው ፈረንጅ ብትሆንም ሴቶቹ የእኛው ናቸው። አማርኛ በተሰማ ቁጥር አዳራሹ ሞቅ ይላል።

ሴቶቹ እንዳይታወቁ ፊታቸው እንዲደበዝዝ ተደርጓል። አንዷ ስልክ ይዛ መስኮቱ ሥር ቆመችና «ዝግጁ ናችሁ?» አለች። ሌላዋ የፀጉር ማድረቂያ ሰክታ ስልኩ አጠገብ ለቀቀችው። ሦስተኛዋ ፍራሽ ላይ እንደተንጋለለች፣ የቸኮለች ደንበኛ መስላ ጮኸች፤ «ኧረ ቶሎ በይልኝ፣ ሰርግ አለብኝ!»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። «አራዶች ናቸው ባክሽ!» አለች ሜሪ። ሌሊሴም ሳቀች።

ሳቋን ሳትጨርስ ግን፣ ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል በቃል እንደምታውቀው ገባት።

«እማ፣ እንኳን ለፋሲካ አደረሰሽ። ዛሬ ፀጉር ቤታችን ሰው ሞልቶ መላወሻ የለም። ሌሊን ጠንክሪ በያት፤ ስመጣ ላፕቶፕ ይዤላት ነው የምመጣው።»

ኢሊሊ ናት። ታላቅ እህቷ። ዓረብ አገር ሄዳ መጀመሪያ ሰው ቤት ተቀጥራ ነበር፤ ኋላ «ተገላገልኩ፣ ፀጉር ቤት ገባሁ» ብላ ደወለች። ይህ የድምፅ መልእክት ካለፈው ፋሲካ ጀምሮ እናታቸው ስልክ ላይ አለ። እናቷ ወይዘሮ ደሜ ለጎረቤት አሰምታዋለች፣ ለቸርች ሰው አሰምታዋለች፣ የሱቁ ልጅ ሳይቀር በቃሉ ይዞታል። ደንበኛዋ ስትጮህ እናቷ ሁልጊዜ «ታገሺ አንቺ! ልጄ ያላት ሁለት እጅ ነው!» ብላ ትመልስላትና ትስቃለች። ከዚያ ወዲህ የኢሊሊ ስልክ ጠርቶ አያውቅም። «ሥራ በዝቶባት ነው» ትላለች እናቷ። ሌሊሴም አምናት ነበር። ያን ሁሉ ጫጫታ በጆሮዋ ሰምታ የለ?

ማያው ላይ ማድረቂያው ጠፋ። ኢሊሊ ስልኩን ደረቷ ላይ ለጥፋ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ቀስ እያለች ወለሉ ላይ ተቀመጠች። አሁን የሚስቅ አልነበረም።

በመጨረሻ በጥቁሩ ማያ ላይ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ መጣ። አፓርታማው ከጥቂት ወራት በኋላ በፖሊስ ተፈትሿል፤ ሴቶቹ የት እንደተወሰዱ አይታወቅም። ሌሊሴ ደጋግማ አነበበችው። እንግሊዝኛዋ ደካማ ሆኖ በስህተት ተረድታው ቢሆን ብላ ተመኘች።

መብራት ሲበራ መምህር ማርቆስ ተነሥተው «ቅዳሜ ለወላጆች ይደገማል። ዳይሬክተሯም ራሷ ትገኛለች፤ ጥያቄያችሁን ያኔ» አሉ።

ውጭ እንደወጡ ሜሪ ክንዷን ያዘቻት። «ምን ሆነሻል? ፊትሽ አመድ መስሏል እኮ።»

«ስልክ የያዘችው ኢሊሊ ናት።»

«ፊቷ መች ታየና?»

«የእህቴን ድምፅ አላውቅም?»

ሜሪ የሚሰማ ሰው እንዳለ ዙሪያዋን ቃኘች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ለእትዬ ደሜ እንዳትነግሪያቸው። ይሞቱብሻል። ቅዳሜ በቃ፣ ሆዴን አመመኝ ብለሽ ቤት አስቀሪያቸው» አለች።

ሌሊሴም እንደዚያ ለማድረግ ወሰነች። ታክሲ ውስጥ ረዳቱ «አየር ጤና! አየር ጤና!» እያለ ሲጮህ እሷ የምትዋሸውን ውሸት ታጠና ነበር። እህቷን ጠላቻት፤ ወዲያው ደግሞ የት እንዳለች ለማታውቀው ሰው ቂም መያዟ አሳፈራት። የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት።

ቤት ስትደርስ እናቷ ቀድማ ሰምታለች።

«ከትምህርት ቤት ደውለው ነበር። ስለ ዓረብ አገር ልጆች ፊልም አለ አሉኝ!» ወይዘሮ ደሜ ቤቴል ካለ ክሊኒክ የጽዳት ሥራዋን ጨርሳ ገና መግባቷ ነው፤ ድካሙ ግን ፊቷ ላይ አልነበረም። «የቅዳሜ ተራዬን ከጓደኛዬ ጋር ተቀያየርኩ። የልጄን አገር በዓይኔ ላየው ነው፣ ሌሊ። ማን ያውቃል፣ ፀጉር ቤቷንም ቀርጸውት ይሆናል።»

«እማ፣ ቅዳሜ እኔ… ሆዴን…»

«ካመመሽ ተኚ እንጂ፤ እኔ ከነሜሪ እናት ጋር እሄዳለሁ።» አልጋው ላይ የክት ቀሚሷን ዘርግታ በመዳፏ ታቃናው ጀመር።

ሌሊሴ ቀሚሱን አየችው። ዳይሬክተሯ ብትጠየቅ ምን ትላለች? ሴቶቹ የት እንዳሉ እንደማታውቅ ማያው ላይ ጽፋለች። ተስፋ የሚባል ነገር አልታያት አለ። የታያት አዳራሹ ብቻ ነው፤ ሰዉ ሁሉ «ሰርግ አለብኝ!» ሲባል በሳቅ ሲንፈራፈር፣ እናቷ መሃሉ ላይ ቀሚሷን ለብሳ፣ የልጇን ድምፅ ስትለይ። ዛሬ እሷም ከሳቁት አንዷ ነበረች።

«እማ፣ ቀሚሱን ተይውና ነይ፣ እዚህ ቁጭ በይ።»

«ምነው? እውነት አሞሻል እንዴ?»

«አላመመኝም። ቁጭ በይ።»

ወይዘሮ ደሜ ቀሚሱን እንደያዘች አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሌሊሴ የግቢው ሰው እንዳይሰማ በሩን ዘጋችና አጠገቧ ተቀመጠች።