የሙከራ አስተያየት

ዝምተኛ ወንድ ጨዋ ነው ያለው ማን ነው? የዚህኛው ጨዋነት ሁለት ወር ሙሉ አንጀቴን አሳረረው።

ወንድሜ ሆቴል አለው። እንግዶች ለዓመታት የጻፉት አስተያየት ድረ ገጻችን ላይ ተከምሯል። «ስለ ሙቅ ውሃው ምን ብለዋል?» ባለ ቁጥር ገጽ ስገላብጥ የምውለው እኔ ነበርኩ። በመጨረሻ አንድ ቃል ሲጻፍለት አስተያየቱን የሚያወጣ መፈለጊያ የሚሠራልን ባለሙያ ቀጠረና እኔው ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊቴ አስቀመጠው።

ልጁ ሰርቆ ያየኛል፤ ቀና ስል አንገቱን ይደፋል። አንድ ቀን ቢመረኝ «የምትነግረኝ ነገር አለ?» አልኩት። ላብ አጠመቀው።

«አዎ... ዛሬ ኢንተርኔቱ ይንቀራፈፋል።»

እግዚኦ!

ወድጄዋለሁ፣ ምን ልደብቅ። ሥራው ሲያልቅ ሌላ ከተማ ሌላ ሥራ ይጠብቀዋል። ያለቀ ዕለት ካልተናገረ መቼም አይናገርም። እኔም ኩራት ይዞኝ አፌን ዘጋሁ።

ሥራው ያለቀ ዕለት ወንድሜ ሠራተኛውን ሁሉ አዳራሽ ሰብስቦ አዲሱን መፈለጊያ በትልቁ ስክሪን ከፈተ።

«እሺ፣ ምን ልፈልግ?»

«‹ቆንጆ› ብለው ይጻፉ ጋሼ! ስንቱ ሆቴላችንን እንዳደነቀ እንይ» አለች የወጥ ቤት ኃላፊዋ።

ጻፈ። ከሁሉ በላይ የወጣውን ጮክ ብሎ አነበበው።

«የሙከራ አስተያየት። ፊት ለፊቴ የምትቀመጠው ልጅ ቆንጆ ናት። ስትስቅ ሥራው ይጠፋብኛል።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔ መሬት ተሰንጥቃ እንድትውጠኝ ተመኘሁ። ልጁ መፈለጊያው መሥራቱን ለማየት ጽፎት ሳያጠፋው ረስቶታል!

ወንድሜ ግን አልሳቀም። «እህቴ የሙከራ ዕቃ ናት እንዴ?»

«የለም ጋሼ» አለ ልጁ። «የጻፍኩት ለሙከራ ነው። ነገሩ ግን የእውነቴን ነው።»

ወንድሜ ወደ ስክሪኑ ጠቆመ።

«በል አሁኑኑ ሰርዘው!»

ልጁ እጁን ወደ ኪቦርዱ ሲሰድ ብድግ አልኩ።

«እንዳትነካው!»

ወንድሜ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አየ። «እኔ የምለው፣ ሁለት ወር አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጫችሁ አፋችሁን ማን ለጎመው?»

ልጁ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ያን ቀን አንገቱን አልደፋም።

«ልሂድ ወይስ ልቅር?» አለኝ።

«እዚሁ ቅር» አልኩት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ያን ሁሉ ኩራት የት እንደጣልኩት እንጃ።